4029 ነጥብ እንዴት ይነበባል?

 

ለዛሬ እርሳስና ወረቀት ቀረብ አድርጉ። ደብተር ከሌለ የስኳር መጠቅለያም ይበቃል። ያዛችሁ? እንግዲያው ይህን ቁጥር ጻፉልኝ፤ 4029። አራት ሺህ ሃያ ዘጠኝ። በመቶ ቤት የተቀመጠችውን ዜሮ አደራ። እሷን የረሳ ሰው 429 ብሎ ይጽፍና 3600 ነጥብ በአንድ ጊዜ ይጠፋበታል።

ነጥብ ያልኩት የቅርጫት ኳስ ነጥብ ነው። ዊልት ቻምበርሌን የሚባል አሜሪካዊ ተጫዋች በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም.፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ፣ ማለትም በአምስት ወር ገደማ ውስጥ፣ በ80 ግጥሚያ ለብቻው ያስቆጠረው ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይህ የውድድር ዘመን በ1961 ተጀምሮ በ1962 ያለቀው ነው። ነገሩ የተፈጸመው በእነሱ አገር ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር እጠራለሁ። ኤን.ቢ.ኤ. በሚባለው በዚያ አገር የባለሙያዎች ሊግ ውስጥ ከእሱ በቀር በአንድ መደበኛ የውድድር ዘመን 4000 ነጥብ የደረሰ ተጫዋች የለም። ስሙ ከዓለም ዳር እስከ ዳር የተጠራው ማይክል ጆርዳን እንኳ ትልቁ ውጤቱ በ1986–87 ያገኘው 3041 ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር ብቻውን ሲነገር ሁለት ዓይነት ሰው ያሳስታል። አንዱ ይሰማና «ይኸማ ከሰው አቅም በላይ ነው፤ ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ «ወደር የለውም!» ብሎ ያጨበጭብና ምን እንዳጨበጨበለት ሳያውቅ ይቀራል። ሁለቱም ከ4029 አጠገብ የተጻፉትን ሌሎች ቁጥሮች አላነበቡም። እኛ ዛሬ እነሱን አንድ በአንድ እናነባለን።

በመጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ወገን አምስት አምስት ሰው ይሰለፋል። ኳሷን ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ በተሰቀለ የብረት ቀለበት ውስጥ የከተተ ሁለት ነጥብ ያገኛል። ተጋጣሚው ጥፋት ከፈጸመበት ደግሞ ማንም ሳይከለክለው ቆሞ ይወረውራል፤ የቅጣት ውርወራ የሚባለው ይኸ ነው፤ የገባችው እያንዳንዷ አንድ ነጥብ ታስገኛለች። ከሩቅ ለወረወረ ሦስት ነጥብ የሚሰጠው ደንብ ኤን.ቢ.ኤ. ውስጥ የገባው በ1979 ነው፤ በቻምበርሌን ጊዜ አልነበረም። ጨዋታው 48 ደቂቃ ይፈጃል፤ አራት ሩብ አለው፤ እያንዳንዱ ሩብ 12 ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ እርሳሱ። ቻምበርሌን በዚያ የውድድር ዘመን 1597 ጊዜ በጨዋታ ላይ አግብቷል። 1597 በ2 ሲባዛ 3194 ይሆናል። በቅጣት ውርወራ ደግሞ 835 አገባ። ደምሩት፤ 4029 ይመጣል። ያልመጣለት ካለ እንደገና ይሞክር፤ ሒሳቡ ትክክል ነው።

ይህን ድምር ለ80 ግጥሚያ እናካፍለው። ለእያንዳንዱ 50 ይደርሰዋል፤ 29 ይተርፋል። ትርፉም ሲሸነሸን በመዝገብ 50.4 ተብሎ ተጽፏል። አማካይ የሚባለው ይኸ ነው። አንዲት ላም ሰኞ 4 ሊትር፣ ማክሰኞ 6 ሊትር፣ ረቡዕ 5 ሊትር ብትታለብ፣ 15ቱን ሊትር ለሦስቱ ቀን እናካፍልና «በቀን አምስት ሊትር ትሰጣለች» እንላለን። ልብ በሉ፤ ሰኞ አምስት አልሰጠችም፤ ማክሰኞም አልሰጠችም። አማካይ ያለፈውን ሁሉ ደልድሎ ያስቀምጣል እንጂ የእያንዳንዱን ቀን ነገር አይነግረንም። አንድ ተጫዋች ዛሬ 90 አስቆጥሮ ነገ 10 ቢያስቆጥርም አማካዩ 50 ነው። ቻምበርሌንስ እንደዚያ ነበር ወይ?

አልነበረም። ከ80ው ግጥሚያ በ45ቱ 50 ወይም ከዚያ በላይ አስቆጥሯል። በታኅሣሥ 1961 ሰባት ግጥሚያ በተከታታይ ከ50 አልወረደም። ከኖቬምበር 4 ቀን 1961 እስከ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1962 ድረስ ደግሞ 65 ግጥሚያ በተከታታይ፣ አንድም ቀን ሳያጓድል፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ እያስቆጠረ ወጣ። የዚህን ክብደት ለመመዘን አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2018–19 ጄምስ ሃርደን የተባለው የሂውስተን ተጫዋች 32 ግጥሚያ በተከታታይ 30 እና ከዚያ በላይ አስቆጠረና አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። መደነቁም የሚገባ ነበር። ግን 32 ሁለት ጊዜ ተደምሮ እንኳ 64 ነው፤ ከ65 አንድ ይጎድለዋል።

ለመሆኑ ሰውዬው ማን ነው? በ1936 ፊላደልፊያ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲሜትር ነበር። ረጅም ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ በተማሪነቱ ሯጭና ከፍታ ዘላይም ነበር። ካንሳስ ዩኒቨርስቲ ተምሮ፣ አንድ ዓመት ሃርለም ግሎብትሮተርስ ከሚባለው ዝነኛ የትርዒት ቡድን ጋር አገር ለአገር ዞሮ፣ በ1959 በተወለደባት ከተማ ለፊላደልፊያ ዎሪየርስ ገባ። በገባበት ዓመት የነጥብ አንደኛም፣ የዓመቱ ኮከብም ሆነ። ያን ጊዜ ሊጉ ትንሽ ነበር፤ በ1961–62 ዘጠኝ ቡድን ብቻ ነበረው። ቡድኖቹም ጥቁር ተጫዋች የሚቀጥሩት በቁጥር ነበር፤ ይህ ያህል ይበቃል የሚል ያልተጻፈ ልማድ ነበራቸው።

በ1961 ዎሪየርስን ሊያሠለጥን ፍራንክ ማክጓየር የተባለ ሰው መጣ። የእሱ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ እንዲህ ያለ ተጫዋች ይዘን ለምን ኳሱን ለሌላ እንሰጣለን? ለምንስ ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን? የሚል ነው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ይምሰል እንጂ ሌሎቹ አራት ሰዎች እንዲቀበሉት ማድረግ ቀላል አይደለም። ከመካከላቸው ለምሳሌ ፖል አሪዚን ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሊጉ የነጥብ አንደኛ የነበረ አንጋፋ። እንዲህ ያለው ሰው ኳሱን ለሌላው አሳልፎ እንዲሮጥ ነው የተጠየቀው። ሮጠም። የ4029ኙ ነጥብ ባለቤት አንድ ሰው ተብሎ ይጻፍ እንጂ ውስጡ የእነዚህም ላብ አለ።

እዚህ ላይ ግር የሚል ቁጥር ልጨምር። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው ብለናል። መዝገቡ ግን ቻምበርሌን በአንድ ግጥሚያ በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫወተ ይላል። እንዴ! ከጨዋታው የበለጠ እንዴት ይጫወታል? የጻፈው ሰው ተሳስቶ ይሆን?

አልተሳሳተም። 80 ግጥሚያ በ48 ደቂቃ ሲባዛ 3840 ደቂቃ ነው። ነገር ግን በመደበኛው ሰዓት እኩል የወጡ ቡድኖች አምስት አምስት ደቂቃ እየተጨመረላቸው ይጫወታሉ። በዚያ የውድድር ዘመን ለዎሪየርስ እንዲህ ያለ ጭማሪ አሥር ጊዜ ደርሷል። አሥር በአምስት 50 ደቂቃ ነው። 3840 እና 50 ስንደምር 3890 ይሆናል። የቻምበርሌን ደቂቃ 3882 ነው። የጎደለው ስምንት ብቻ ነው! ያቺ ስምንት ደቂቃ ደግሞ ደክሞት ያረፈባት አይደለችም። በጃንዋሪ 1962 ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ሲጫወቱ ከዳኛው ጋር ተከራክሮ ከሜዳ ስለተባረረ ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሜዳ ላይ ነበር። ያውም የጨዋታ ቀኖቹ ተቀራርበው፣ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ፣ መሃል ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ሰው እየተንጠላጠለበት። እኔ እንደሚመስለኝ ከ4029 ይልቅ ይህ 3882 ነው ሊያስገርመን የሚገባው። ነጥብ የዕድል ቀን ይኖረዋል፤ ደቂቃ ግን በጉልበት ብቻ ነው የሚገፋው።

አሁን ወደ አንዲት ሌሊት እንሂድ። ቀኑ ዓርብ ማርች 2 ቀን 1962 ነው። በእኛ ስትቆጥሩት የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ይሆናል። አዎን፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ ቀን፤ አጋጣሚ ነው እንጂ ነገሩ ከአድዋ ጋር የሚያገናኘው የለም። ቦታው ሐርሺ ነው። ሐርሺ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፣ ከፊላደልፊያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በቸኮሌት ፋብሪካዋ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ዎሪየርስ ተመልካች ፍለጋ አንዳንድ ግጥሚያቸውን ወደዚያ ይወስዱ ነበር። አዳራሹ በበረዶ ላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተሠራ ነው። በዚያች ሌሊት የገባው ሰው 4124 ነው፤ መቀመጫው ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥን አልመጣም። ተጋጣሚው የኒውዮርክ ኒክስ ቡድን ነው።

የኒክስ ዋናው የመሃል ተጫዋች በዚያ ቀን አልተሰለፈም። በእሱ ምትክ የገባው ዳራል ኢምሆፍ ቻምበርሌንን ሊያቆም ሲታገል ጥፋት አበዛ። በደንቡ ስድስት ጥፋት የፈጸመ ከጨዋታው ይወጣልና ኢምሆፍ 20 ደቂቃ ብቻ ተጫውቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተተኩት ከቻምበርሌን በጣም የሚያጥሩ ነበሩ።

ነጥቡን በየሩቡ ጻፉት። በመጀመሪያው ሩብ 23። በሁለተኛው 18፤ ድምሩ እስከ እረፍት 41። ይህ ለእሱ የተለመደ ነው፤ ማንም የተለየ ነገር አላየም። በሦስተኛው ሩብ 28 ጨመረ፤ 69 ደረሰ። እዚህ ላይ አዳራሹ መነቃነቅ ጀመረ። በዚያው የውድድር ዘመን ራሱ ያስመዘገበው ትልቁ ቁጥር 78 ነበርና፣ ይህን ካለፈ በኋላ የድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው ነጥቡን እየጠራ ያሰማ ነበር። ሕዝቡም ኳሱን ለዊልት ስጡት እያለ ይጮህ ጀመር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለጨዋታ አዋቂ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ኒክሶች መቶ እንዲቆጠርባቸው አልፈለጉም። በዚህ ውርደት ስማቸው ለዘለዓለም ሲነሳ እንደሚኖር ገብቷቸዋል። ስለዚህ ኳሱ ቻምበርሌን እጅ ሳይገባ ሌሎቹን የዎሪየርስ ተጫዋቾች ሆን ብለው ጥፋት ይፈጽሙባቸው ጀመር፤ ቅጣቱን እነሱ ይወርውሩ እንጂ እሱ አይወርውር በሚል ዘዴ። ኳሱንም ይዘው ጊዜ ያባክናሉ። ዎሪየርሶች ደግሞ በተራቸው ኳሱን ቶሎ ለማስመለስ በኒክሶች ላይ ጥፋት ይፈጽሙ ጀመር። በነጥብ እየመራ ያለ ቡድን እንዲህ ሲያደርግ አይታይም። የጨዋታው ዓላማ ማሸነፍ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቁጥር ብቻ ሆነ። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ከኒክሶች በቀር፣ የሚፈልገው ያንኑ ነበር።

98 ደረሰ። ሊያልቅ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። አንድ ወረወረ፤ ሳተ። ኳሷን የራሱ ጓደኞች መልሰው ያዟት። ጆ ሩክሊክ የሚባለው ተጠባባቂ ተጫዋች አሳለፈለትና ቻምበርሌን ቀለበቱ ሥር ሆኖ ከተታት። 46 ሰከንድ ቀርቷል። መቶ! ሕዝቡ ከየወንበሩ እየዘለለ ሜዳውን ሞላው። ውጤቱም ዎሪየርስ 169፣ ኒክስ 147 ሆነ።

መቶውን በትኑት እስቲ። በጨዋታ 63 ጊዜ ወርውሮ 36 አገባ፤ 36 በ2 ሲባዛ 72። በቅጣት 32 ወርውሮ 28 አገባ። 72 እና 28 መቶ። ጋይ ሮጀርስ የተባለው ጓደኛው በዚያች ሌሊት 20 ጊዜ ለግብ የሚሆን ኳስ አቀበለ። አል አትልስ ደግሞ ስምንት ጊዜ ወርውሮ ስምንቱንም ከተተ፤ አንድም አልሳተ! እንዲህ ያለ ፍጹም ቀን ኖሮት ማንም ሳያወራለት የቀረ ተጫዋች ይኖር ይሆን?

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ፊልም ከሌለ፣ ቴሌቪዥን ካልነበረ፣ እንዴት አወቅን? ዛሬም «ፊልሙን ሳላይ አላምንም» የሚል ሰው አልጠፋም። መልሱ በወረቀትና በራዲዮ ነው የሚል ነው።

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የግጥሚያው መዝገብ ነው። በየግጥሚያው ጸሐፊዎች ከሜዳው ዳር ተቀምጠው እያንዳንዱን ውርወራ፣ እያንዳንዱን ጥፋት፣ ከነደቂቃው ይጽፋሉ። ከላይ የበተንናቸው 63፣ 36፣ 32፣ 28 ከዚያ የወጡ ናቸው። አንዱ ቁጥር ሐሰት ቢሆን ከሌላው ጋር ሲደመር ይጋለጣል፤ የቡድኑ 169 ከተጫዋቾቹ ሁሉ ነጥብ ጋር መግጠም አለበትና። ሁለተኛው ወረቀት ዝነኛው ነው። ሃርቪ ፖላክ የሚባለው የዎሪየርስ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ በዚያች ሌሊት ዜናውንም ለጋዜጣና ለዜና ወኪሎች የሚያስተላልፈው እሱው ነበር፣ ከጨዋታው በኋላ ቁራጭ ወረቀት አነሳና በእጁ 100 ብሎ ጻፈ። ለቻምበርሌን ሰጠው። ፎቶግራፍ አንሺው ፖል ቫቲስ አነሳው። ረጅሙ ሰው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያቺን ወረቀት ይዞ ይታያል። በጥድፊያ የተጻፉ ሦስት አኃዞች ናቸው፤ ከዚያች ሌሊት የቀረ ዋናው ምስልም ያ ነው።

ራዲዮውስ? ጨዋታውን በፊላደልፊያ ራዲዮ ያስተላለፈው ቢል ካምቤል ነው። የጣቢያው ቅጂ አልተገኘም። ነገር ግን ያዳምጥ የነበረ አድማጭ የአራተኛውን ሩብ ትረካ በቴፕ ቀድቶ አስቀምጦት ኖሯል፤ ከዓመታት በኋላ ወጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለአገሪቱ ታሪክ ሲባል ተጠብቀው ከሚቀመጡ ድምፆች መዝገብ ውስጥ ማስገባቱን በ2016 አስታውቋል። እንግዲህ እኛ ራዲዮ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ ደስ ቢለን አይፈረድብንም።

እስካሁን ያወራነው ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገውን ነው። ዝቅ የሚያደርገውንም ማንበብ አለብን፤ አለዚያ አጨብጫቢዎች ሆንን።

አንደኛ፣ ዘመኑ የሩጫ ዘመን ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ ቡድን በአንድ ግጥሚያ ከ100 ጊዜ በላይ ይወረውር ነበር፤ በእኛ ዘመን 90 ገደማ ነው። ብዙ የተወረወረ ብዙ ይገባል፤ ብዙም ይስታል። የዎሪየርስ ቡድን በዚያ ዓመት በአማካይ 125 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ቻምበርሌን ራሱ በዓመቱ 3159 ጊዜ ወርውሯል። ለ80 ስናካፍለው በየግጥሚያው ወደ 40 ውርወራ ይሆናል። ከሁለት አንዱን አገባ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በቁመትም በጉልበትም የሚመጣጠነው ተከላካይ ጥቂት ነበር። ሊጉ ራሱ ይህን አይቶ በ1964 ከቀለበቱ ሥር ያለውን፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም የሚከለከልበትን ክልል አስፍቶታል፤ ረጅሞቹ ራቅ ብለው እንዲቆሙ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ነጥብ ማስቆጠር ማሸነፍ አይደለም። ቀደም ብዬ 78 ያልኩት ግጥሚያ ዲሴምበር 8 ቀን 1961 ከሌከርስ ጋር የተደረገው ነው። ሦስት ጊዜ ጭማሪ ተጨምሮ ቻምበርሌን 63 ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ፤ 78 አስቆጠረ። ዎሪየርስ ግን 151 ለ147 ተሸነፉ። በዓመቱ መጨረሻም ዎሪየርስ 49 አሸንፈው 31 ተሸነፉ። ቦስተን ሴልቲክስ የሚባለው ቡድን 60 አሸንፎ 20 ብቻ ተሸነፈ። ሁለቱ በምሥራቅ ክፍል የፍጻሜ ግጥሚያ ተገናኝተው ሦስት ሦስት ተባብለው፣ በሰባተኛው ቦስተን 109 ለ107 አሸነፈ። ሁለት ነጥብ! ያ ሁሉ 4029 ተቆጥሮ በአንድ ቅርጫት ተቀደመ። ዋንጫውንም ቦስተን ወሰደ።

የቦስተኑ የመሃል ተጫዋች ቢል ራስል በአማካይ ያስቆጠረው 19 እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን መከላከልን የሚያህል ሙያ አልነበረውም። የዓመቱን ኮከብ ያን ጊዜ የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ማንን መረጡ? ራስልን። በጋዜጠኞች ድምፅ በተመረጠው የዓመቱ ምርጥ አምስት ውስጥ ግን የመሃሉን ቦታ ያገኘው ቻምበርሌን ነው። ከውጭ ሆኖ የሚያየው ወደ አንዱ፣ ሜዳ ላይ የሚጋጨው ወደ ሌላው አደላ። የትኛው ልክ ነው? እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እናንተም ቤታችሁ ብትከራከሩበት ያምርባችኋል።

የቅጣቱን ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ቻምበርሌን ቅጣት መወርወር አይሆንለትም ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ግን ኳሷን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መሃል ወደ ላይ እያነሳ ይወረውር ነበር። ሕፃናት እንደሚወረውሩት። በዚህ ዘዴ ከ1363 ውርወራ 835 አገባ፤ ከመቶ 61 ማለት ነው። በሐርሺዋ ሌሊት 28 ከ32 ያገባውም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዘዴውን ተወው። ለምን? አፍሮ! በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ እንዲያ ሲወረውር ወንድነት እንደጎደለው ሆኖ ይሰማው እንደነበረና መተዉም ስህተት እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። በሙሉ የተጫዋችነት ዘመኑ የቅጣት ውጤቱ ከመቶ 51 ሆኖ ቀረ። ሪክ ባሪ የሚባለው ሌላ ተጫዋች ግን «ሳቁብኝ» ሳይል በዚያው ዘዴ ጸንቶ ከመቶ ወደ 90 ያገባ ነበር።

ከ1962 በኋላ ምን ሆነ? ቡድኑ ተሸጦ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ቻምበርሌን በ1962–63 እንደገና የነጥብ አንደኛ ሆነ። ቡድኑ ግን 31 አሸንፎ 49 ተሸነፈ። ያምናውን ቁጥር አስታወሳችሁ? 49 አሸንፎ 31 ነበር። ተገልብጦ ቁጭ አለ።

ዓመታት አለፉ። ቻምበርሌን ወደ ፊላደልፊያ ተመልሶ ሰቨንቲ ሲክሰርስ ለሚባለው ቡድን ይጫወት ጀመር። በ1966–67 አሠልጣኙ አሌክስ ሃነም ትንሽ አስቆጥር፤ ይበልጥ አቀብል፤ ይበልጥ ተከላከል አለው። ያ በአማካይ 50 ያስቆጥር የነበረ ሰው እሺ አለ። አማካዩ 24 ሆነ፤ ከግማሽ በታች። ከመቶ ውርወራው ግን 68ቱ ይገባ ነበር። ቡድኑ 68 አሸንፎ 13 ብቻ ተሸነፈ። ቦስተንን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ለቻምበርሌን የመጀመሪያው ነው። በ1967–68 ደግሞ በድምሩ ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ ኳስ ያቀበለ እሱ ሆነ፤ 702 ጊዜ። በ1972 ከሌከርስ ጋር ሁለተኛ ዋንጫ አገኘ። በ1999 በ63 ዓመቱ ዐረፈ።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ልምምድ ልተውላችሁ። ቻምበርሌን በ1962–63 በጨዋታ 1463 ጊዜ፣ በቅጣት 660 ጊዜ አግብቷል። የተጫወተው 80 ግጥሚያ ነው። ጠቅላላ ነጥቡ ስንት ነው? አማካዩስ? የጨዋታውን በሁለት ማባዛት እንዳትረሱ። የደረሳችሁበትን ድምር ከ4029 ቀንሱና በአንድ ዓመት ስንት እንደጎደለ ከዳር ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ መልሱን አብረን እናያለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።